ቀይ ቁምጣና ሰማያዊ ቁምጣ

አክስቴ ባለቀለም ቴሌቪዥን ያስገባችበት ቅዳሜ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ቤቱ የቀረ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁሉም እኛ ቤት ነበር። እኛ ቤት የምለው የአክስቴን ጠላ ቤት ነው፤ እኔ ከገጠር ለትምህርት መጥቼ እሷ ዘንድ ነበር የምኖረው። ከዚያ በፊት ያየሁት ቴሌቪዥን ሁሉ ጥቁርና ነጭ ስለነበር ሰዎቹ አመድ ላይ ተንከባልለው የመጡ ይመስሉኝ ነበር። ያን ቀን ግን ዜና አንባቢዋ አረንጓዴ ኮት ለብሳ ብቅ ስትል እጄን አፌ ላይ ጭኜ ጮህኩ። እውነቴን ነው፣ አሁን ስጽፈው ራሱ ደስ ይለኛል!

ደስታዬን የሚያደፈርሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ታላቅ ወንድሜና ባለጋራችን አንድ ጣሪያ ስር ገብተዋል።

ባለጋራችን የእርሻ ጎረቤታችን ነው። በድንበር ተጣልቶ የአባቴን ክንድ በዱላ ሰብሮታል፤ አጥንቱም ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመው። ሽማግሌዎች ስንት ጊዜ ተመላልሰው ዕርቁን ለማግስቱ ለእሁድ ቆርጠውት ነበር። ወንድሜም እስከዚያ ዱላ ላያነሳ ፊታቸው ምሏል። ካነሳ ዕርቁ ፈረሰ። የሰውየው ወንድሞች ጠመንጃ አላቸው፤ ወንድሜ ወይ ይሞታል ወይ ገድሎ ይታሰራል።

ሁለቱም ለገበያ መጥተው ወሬውን ሰምተው ነው የገቡት። ጠላ ቤት የመጣን ሰው ደግሞ ማን ይመልሳል? አክስቴ ወንድሜን በሩ ጋ፣ ሰውየውን ቴሌቪዥኑ ስር አስቀመጠችና መሐል ቤት ቆመች።

«እዚህ ቤት የሚጣላ ካለ እንስራውን ራሱ ላይ ነው የምሰብርለት። ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል እትዬ፣ ይልቅ ከፊቱ ዞር በይልን!» አሏት።

ከዜናው በኋላ የእርሻ ዝግጅት መጣ። አንድ ቀይ በሬ ሲታይ ወንዱ ሁሉ ዋጋ ሊገምት ተንጫጫ። ከዕርቁ ሽማግሌዎች አንዱ ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ እሳቸው «ሻኛው ጥሩ ነው፣ እግሩ ግን ደካማ ነው» ብለው ፈረዱበት። ወንድሜም ሳቀ። እኔም ትንሽ ተነፈስኩ።

ቀጥሎ ቦክስ ሆነ። ጉዱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። በጥቁርና ነጩ ጊዜ ቦክሰኞቹ ሁለቱም ግራጫ ስለነበሩ ማንን እንደምንደግፍ ሳናውቅ ዝም ብለን እናይ ነበር። አሁን ግን አንዱ ቀይ ቁምጣ፣ አንዱ ሰማያዊ! ወንድሜ «ቀዩ የኔ ነው!» አለ። ባለጋራችን ዞር ብሎ አየውና «እኔ በሰማያዊው» አለ፣ ቀስ ብሎ። ወዲያው ቤቱ ለሁለት ተከፈለ።

ሰማያዊው የቀዩን ቅንድብ ተረተረው። ደሙ በደረቱ ወረደ፤ ቀይ፣ እውነተኛ ደም። ያኔ ሴቶቹ «ኧረ በስመአብ!» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ አልሸፈንኩም።

«ጨምርለት! አፍንጫውን በለው!» ይላሉ የሰማያዊው ወገኖች።

«ያንተን አፍንጫ ልበልልህ?» ይላል የኛ ወገን።

አንዱ የአንዱን ጉልበት ረገጠ፣ ሌላው ክርን አቀመሰው። ቀዩ ተዘርሮ ሲቆጠርበት ባለጋራችን ወደ በሩ ሳይዞር «የወደቀ ወደቀ» አለ። ወንድሜ ከንፈሩን ነከሰ።

ከዚያ የሙዚቃው ዝግጅት መጣ። የአንበሳ ጎፈር የደፋ፣ ጋሻ ያነገበ ሰው ወጥቶ «ዘራፍ!» ሲል የጭቃው ግድግዳ የተነቃነቀ መሰለኝ።

እኛ አገር የሚፎክር ሰው ይያዛል። ደሙ ፈልቶ ሲዘል አንዱ ተነስቶ ወገቡን ያንቀውና «በቃ፣ ለእኔ ስትል» ይለዋል። እሱም «ልቀቁኝ» እያለ ይታገልና በመጨረሻ ለያዘው ሰው ክብር ሲል ይቀመጣል። ሳይዙት በራሱ የተቀመጠ ፎካሪ ግን ዕድሜ ልኩን መሳቂያ ነው።

ወንድሜ ተነሳ። ዱላውን ነቀነቀ።

«ዘራፍ! ያባቱ ክንድ የተሰበረ፣ እንደምን ቁጭ ብሎ አደረ!»

ማንም አልተነሳም። ሁሉም ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። የጎፈሩ ቀለም፣ የጋሻው ቀለም፣ ያ ሁሉ ቀለም እንዳያመልጠው ማን ይነሳ? ሽማግሌው እንኳ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ።

«ያዙኝ!» አለ ወንድሜ። ደገመው። «ኧረ ያዙኝ!» ድምፁ ተሰነጠቀ። ፊቱን አየሁት፤ መቀመጥ ፈልጓል። መቀመጥ ግን አልቻለም። ባለጋራችን ዞረ።

ዱላው አረፈ። የሰውየው ትከሻ እንደ እንጨት ጮኸ። ሁለተኛው ግንባሩን ከፈተው። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ቀዩም ሰማያዊውም ለካ ሰበብ ሲጠብቅ ነበር፤ ወንበር በረረ፣ ጣሳ በረረ፣ ሽማግሌው ከነጋቢያቸው ጠላ ውስጥ ተንጋለሉ። አንዱ የሌላውን ጆሮ በጥርሱ ይዞ አልለቅም አለ። አክስቴም ቃሏን አከበረች፤ እንስራውን አንስታ በመጀመሪያ ያገኘችው ራስ ላይ ከሰከሰችው።

እኔ ወንድሜን ልይዘው ዘልዬ ወገቡ ላይ ተጠመጠምኩ። በክርኑ መታኝና ከንፈሬ ተሰነጠቀ፤ ወደቅኩ። ተነስቼ እንደገና ያዝኩት። የሰው እግር ጣቴን ረገጠውና ለቀቅኩ። ወንድሜ ሦስተኛውን ሊያሳርፍ ዱላውን ከፍ አደረገ፤ ባለጋራችንም የራሱን ዱላ አነሳ። ፊቱ በሙሉ ደም ነው፣ የሚያይም አይመስልም።

«ሰው የለም እንዴ እዚህ ቤት የሚይዝ!» ብሎ ጮኸ ባለጋራችን።

ዱላውን ወረወረና ወንድሜን ከነክንዱ አንቆ ያዘው።

«ልቀቀኝ!» አለ ወንድሜ።

«አልለቅህም። በቃ።»

«ልቀቀኝ እገድልሃለሁ!»

«እሺ ትገድለኛለህ። አሁን ግን በቃ፣ ለእኔ ስትል።»

ወንድሜ በግንባሩ አፍንጫውን መታው። አልለቀቀም። ከኋላ ደግሞ ከቀዮቹ አንዱ ጎድኑን በርጩማ አለው። አሁንም አልለቀቀም። ወንድሜ እየተንፈራገጠ፣ እየተሳደበ ቆየና ጉልበቱ ከዳው፤ ሁለቱም ተያይዘው መሬት ተቀመጡ። ይህን ያየ ሰው አንድ በአንድ ዱላውን አወረደ። የተደበደበው ራሱ ከያዘው ሌላው ማንን ወክሎ ይጣላል?

ሽማግሌው ከጠላው ውስጥ እየተነሱ «ተይዟል» አሉ። «በወጉ ተይዟል። ዕርቁ ነገ በቦታው ነው። ለተነሳው ዱላ ያልያዝነው እኛ ነን የምንወቀሰው፣ እኔን ጨምሮ።»

እኔ የራሴን ደም በነጠላዬ እየጠረግኩ ሳቅኩ፣ አለቀስኩም መሰለኝ።

ቴሌቪዥኑ አንድ ጭረት አልነካውም! አክስቴ የተሰበረውን እንስራ እጀታ እንደያዘች «ድራማው ሊጀምር ነው፣ ቁጭ በሉ!» ብላ ጮኸች። ሳይሰበር የቀረ አግዳሚ አንድ ብቻ ነበር። ሽማግሌውን ጫፉ ላይ አስቀመጠች፤ ሁለቱን ደግሞ ከመሬት እየጎተተች ጎን ለጎን አደረገቻቸው። ሌላው ቆሞ ያይ ጀመር።

ድራማው ላይ አንድ ባል ቢላ ይዞ ሚስቱን ከጓዳ ወደ ጓዳ ያባርራታል። ባለጋራችን አንዱ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል፤ ሌላውን ደም ሞልቶታል። ጩኸት ብቻ ነው የሚሰማው። በመጨረሻ አላስችል አለው።

«ገደላት እንዴ?» አለ።

አባቴ ክንዱ ከተሰበረ ወዲህ ወንድሜ ያለ ስድብ አንድ ቃል ተናግሮት አያውቅም።

«ገና ነው» አለው ወንድሜ። «በሩ ጋ ደርሳለች። ዝም ብለህ ስማ፣ እነግርሃለሁ።»