እና ሌሎች

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከዘፈኑ ልጀምር። ዘፈኑን መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሰርግ ቤት ሄዶ እሱን ሳይሰማ የተመለሰ ሰው ካለ ጆሮውን ይታይ። ዘፋኙ ገና አፉን ሳይከፍት፣ ድራሙም ሳይመታ፣ መጀመሪያ አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻውን ይመጣል። ዱም፣ ዱም፣ ዱ-ዱዱም። ሰው ወንበሩን ገፋ አድርጎ የሚነሣው ያኔ ነው። አሮጊቶቹ ሳይቀሩ ቦርሳቸውን አስቀምጠው ይነሣሉ። ዘፈኑ የማን ነው ብትሉ ሁሉም የዘፋኙን ስም ይጠራላችኋል። ያቺን መግቢያ ማን ተጫወታት ብሎ የጠየቀ ሰው ግን በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። የተጫወታት ታናሽ ወንድሜ ነው።

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ሙዚቃ አውቃለሁ አልልም። ተናጋሪ ነኝ፣ ቁጡ ነኝ፣ ሰፈሩም የሚያውቀኝ በዚሁ ነው። እሱ ደግሞ ዝምተኛ ነበር። እናታችን “የሁለታችሁን ምላስ አንቺ ብቻሽን ይዘሽው ወጣሽ” ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። አባታችን ትቶልን በሄደው ቤት ውስጥ የእኔ የስፌት መኪና በመስኮቱ በኩል፣ የእሱ ወንበር ቁም ሳጥኑ አጠገብ ነበር። ቀኑን ሙሉ እኔ እሰፋለሁ፣ እሱ ይለማመዳል። ቤዝ ጊታር ኤሌክትሪክ ካልተሰካ ድምፁ ከተጫዋቹ አያልፍም። እንዳይረብሸኝ ብሎ አይሰካውም፤ አገጩን እንጨቱ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ምን እየሠራህ ነው ስለው በአጥንቴ እየሰማሁ ነው ይለኛል። አንድ ቀን ሥራ በዝቶብኝ ስነጫነጭ፣ የማይሰማ ነገር ስትጫወት ልትሞት ነው አልኩት። አፌን በቆረጠው።

“ሌሎች” የሚባለው ቅጽል ስም የወጣለት በዚያው ዘፈን ነው። ካሴቱ ሲታተም ሽፋኑ ላይ የተጫዋቾቹ ስም ወጣ። ድራም እገሌ፣ ሊድ ጊታር እገሌ፣ ሳክስፎን እገሌ፣ ኦርጋን እገሌ ይልና መጨረሻ ላይ “እና ሌሎች” ይላል። ባንዱ አምስት ተጫዋች ነው ያለው። አራቱ ከተጻፉ ሌሎች የተባለው አንድ ሰው ነው ማለት ነው፤ እሱም ወንድሜ ነው። ድራም መቺው ቀልደኛ ነበርና ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሎች እያለ ይጠራው ጀመር። “ሌሎች መጣ?” ይባላል። “መጣ።” “ሌሎቹስ?” “እነሱ ገና ናቸው።” እንዲህ እየተባባሉ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ወንድሜም አብሮ ይስቃል። እኔ ግን ያንን ሽፋን ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። የሰው ልጅ አምስት ሰው ቆጥሮ መጨረስ እንዴት ያቅተዋል እያልኩ ባንዱን ስረግም ኖሬያለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ረጅም አይደለም፣ ወይም ረጅም ሆኖ የሚነገር የለውም። ከሦስት ካሴት በኋላ ባንዱ ተበተነ። ሆቴል ውስጥ ይጫወት ነበር፤ ኪቦርድ መጣና ያም ቀረ። አንድ ልጅ በግራ እጁ ሁለት ጣት ቤዙን ይጫወታል፣ በቀኙ ሌላውን፤ ታዲያ ማን አምስት ሰው ቀጥሮ ያኖራል? ወንድሜ ድምፅ ማጉያ ጠጋኝ ሆነ። የተቀደደ ስፒከር ሲያመጡለት ወረቀቱን በቀጭን ሙጫ ይለጥፍና ጥገናው መያዙን የሚሞክረው ጊታሩን ሰክቶ በዚያችው መግቢያ ነው። ዱም፣ ዱም፣ ዱ-ዱዱም። ደንበኛው ይሰማና “ይህን ዘፈን ስወደው!” ይላል። ወንድሜ “ጥሩ ነው” ይላል፤ እቃውን በጨርቅ ጠርጎ ያስረክባል። እኔ ነኝ ከስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ ንገረው እንጂ፣ ንገረው እንጂ እያልኩ የምቃጠለው።

በስልሳ ዓመቱ ልቡ ደከመ። እግሩ ያብጣል፣ በጀርባው መተኛት አይችልም፤ ከተረፈ የመጋረጃ ጨርቅ አራት ትራስ ሰፍቼለት ተደግፎ ነው የሚያድረው። ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርታ እቤት ያሳርፉት አለችኝ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። እሱም ገብቶታል መሰለኝ፣ ጊታሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ አቆመው።

ይኼኔ ነው ዘፋኙ የደወለው። ዘፈኑ አርባ ዓመት ሞላው ተብሎ እሑድ ከሰዓት ሬዲዮ ላይ ሊቀርብ ነው። “ዘንድሮ አንተን ሳልጠራ አልወርድም” አለው። ወንድሜ ስልኩን ዘግቶ ቀና አለና “እትዬ፣ እሑድ ስፌት አትሰፊም አይደል?” አለኝ። በሕይወቱ ሙሉ አንድ ነገር ሲጠይቀኝ ያ የመጀመሪያው ነው። እኔማ በልቤ ላም አለኝ በሰማይ ብዬ ነበር። እሱ ግን ከማክሰኞ ጀምሮ የሬዲዮኗን ጣቢያ ፈልጎ ማዞሪያዋ እንዳትነካ ፕላስተር ለጠፈባት።

እሑድ ደረሰ። ጢሙን ላጨሁት፣ ሸሚዝ ቀየርኩለት። ማን ሊያየው ነው? ግን እንዲያ ፈለገ። ጋዜጠኛው ዘፋኙን ስለ ልጅነቱ ጠየቀው፣ ስለ ፍቅረኛው ጠየቀው፣ ስለ መኪናው ሳይቀር ጠየቀው። አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል “ለመሆኑ ዘፈኑ ላይ እነማን ተጫወቱ?” አለ። የወንድሜ እጅ ብርድ ልብሱን ጨበጠ። ዘፋኙ ድራም መቺውን ጠራ፣ ሊድ ጊታሩን ጠራ፣ ሳክስፎኑን፣ ኦርጋኑን። “እና ሌሎች” አለ። ጋዜጠኛው “እሺ፣ ብዙ ሰው ተሳትፎበታል ማለት ነው” ብሎ ወደ ማስታወቂያ ሄደ።

እኔ ተነሥቼ የሬዲዮኗን ድምፅ ቀነስኩት። ወንድሜ ግን ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ።

“ሰማሽ? ጠራኝ” አለ።

“ሰማሁ” አልኩት።

ወደ ጓሮ ወጥቼ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጠዋት እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ዘፋኙ ቤት ሄድኩ። አፌ ላይ ያዘጋጀሁት ስድብ ለሦስት ሰው ይበቃል። በሩን ራሱ ከፈተልኝ፤ ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣ ካሰብኩት በላይ አርጅቶ። የማን እህት እንደሆንኩ ስነግረው ደስ አለው፤ ይግቡ እትዬ፣ ይቀመጡ አለኝ። አልቀመጥም አልኩት። አርባ ዓመት በሰው ጣት ዘፍነህ ስሙን መጥራት እንዴት ያቅትሃል፣ ለሚሞት ሰው ቃል ገብተህ እንዴት ትዋሻለህ አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ።

“ጠራሁት እኮ፣ እትዬ” አለ። “ሌሎች አልኩ። አስቤበት፣ እሱን ብዬ ነው ያልኩት።”

“ሌሎች ስም ነው?” አልኩት።

“እኛ ሌላ ስም አናውቅለትም” አለ።

ከዚያ አስቀመጠኝና ነገሩን ነገረኝ። ወንድሜ ባንዱን የተቀላቀለው ካሴቱ ሊቀረጽ ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ያን ጊዜ “ቤዙ” ነበር የሚሉት። ለሽፋኑ ስም ሲሰበሰብ ሙሉ ስምህን አምጣ አሉት። እምቢ አለ። ኧረ ተው ቢሉት፣ ቢለምኑት፣ የአባቱ ስም ዘፈን ላይ እንዲወጣ አልፈለገም። “እኔን እና ሌሎች በሉኝ” ብሎ ቃሉን ያመጣው ራሱ ነው። ለምን ሲሉት፣ እህቴ ልታገባ ነው፣ ስሜ ከወጣ እህት የለህም ብላኛለች አለ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አርባ ዓመት ሙሉ ያ ሁሉ ሰው የሚያውቀውን እኔ ነበርኩ ያልሰማሁት። እዚያው ሶፋ ላይ ሁሉም ነገር መጣልኝ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የእጮኛዬ ቤተሰቦች ኩሩ ነበሩ፤ አማቴ ወንድምሽ ምን ይሠራል ስትለኝ ቢሮ ነው የሚሠራው ብያለሁ። ማታ እቤት ገብቼ፣ የአባታችን ስም ከዘፋኝ ጋር ተጽፎ ባይ እህት የለህም አልኩት። አዎ፣ ብያለሁ። እኔ በተናገርኩ በነጋታው ረሳሁት። ያ ትዳር ራሱ አራት ዓመት አልቆየም፤ ሻንጣዬን ይዤ ስመለስ በሩን የከፈተልኝ እሱ ነው፣ ሻንጣዬን የተቀበለኝ እሱ ነው። ያኔ እንኳን አንድ ቃል አላለኝም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ እሱ ቃሌን ይዞ አርባ ዓመት ኖረ።

ዘፋኙ ጋዜጠኛው በመጪው እሑድም እንደጋበዘው ነገረኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣ። “ስሙን ከነአባቱ ይጻፉልኝ፤ አነበዋለሁ” አለኝ። እስክሪብቶውን መልሼ አስቀመጥኩት። እደውልልሃለሁ ብዬው ወጣሁ። ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም፤ ለዚህ ብዬ ነው ሳልጽፍ የወጣሁት፣ ለሌላ አይደለም።

ቤት ስገባ ወንድሜ ትራሶቹ ላይ ተደግፎ ነበር። ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ምኑን አለ። የካሴቱን ነገር አልኩት። ትንሽ አሰበና የምታውቂ መስሎኝ ነበር አለኝ። ከዚያ እጄን መታ መታ አድርጎ “ተይው፣ ያኔ ልጆች ነበርን” አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅር በለኝ ማለት ከበደኝና በምትኩ እሑድ ሙሉ ስምህ ይጠራል አልኩት።

“ከነአባቴ?” አለ።

“ከነአያትህ።”

ያን ቀን ከሰዓት ጊታሩን ከግድግዳ አዙሪልኝ አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት አረፈ። ማክሰኞና ረቡዕ ትንፋሹ እየከበደ ሄዶ ነበር፤ ሆስፒታል ስንመላለስ እንኳን ስልክ መደወል እህል መቅመስም ረስቼ ነበር። ሲሞት መጀመሪያ ያሰብኩት ስሙን ነው። ሬዲዮ ጣቢያው ሄጄ ከቀኑ ዜና በኋላ የሚነበበውን የሐዘን ማስታወቂያ ራሴ አስጻፍኩ። ሙሉ ስሙን፣ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ። ፊደሉ እንዳይሳሳት ጸሐፊዋን ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። ሙዚቀኛ የሚለውን አስገቢ አልኳት፤ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ወይ እሱ ወይ የቀብሩ ሰዓት አለችኝ። የቀብሩን ሰዓት መረጥኩ። ለባንዱ ሰዎች በየስልካቸው ልደውል አልኩና ተውኩት። ሬዲዮ ከተነገረ ያልሰማ የለም፤ ለወንድሜ ቀብር ማንንም አልለምንም አልኩ። አርብ ቀን አየር ላይ ሲነበብ ቆሜ ሰማሁት። እንዲያው ለቅሶ ላይ ሆኜም ኮራሁ።

ቅዳሜ ቀብሩ ላይ ጎረቤቶች፣ ጨርቅ የሚሸጡልኝ ሰዎችና ስፒከር ያስጠግኑ የነበሩ ሦስት ደንበኞች ነበሩ። ከባንዱ አንድ ሰው አልመጣም። ዘፋኙም አልመጣም። ውለታ ቢሶች አልኩ፤ አፈር ሲለብስ እነሱን ነበር የምረግመው።

እሑድ ከሰዓት የወንድሜ ስልክ ጮኸ፤ አነሣሁት። ዘፋኙ ነው።

“እትዬ፣ ጠበቅኩዎት እኮ፣ አልደወሉም” አለ። ከኋላው የስቱዲዮ ሰው ድምፅ ይሰማል። “ልንገባ ነው። ቶሎ ስሙን ይንገሩኝ። ሌሎችስ፣ ተሻለው? ይሰማኛል አይደል?”

ትላንት ቀበርነው አልኩት። ምነው ሳልሰማ፣ ምነው ሳትነግሩኝ አለ። እኔም የያዝኩት ቁጣ ነበረኝና፣ እንዴት አልሰማሁም ትላለህ፣ አርብ ቀን ሬዲዮ ላይ ተነግሮ የለም ወይ አልኩት። ስሙንም ነገርኩት። ከነአባቱ፣ ከነአያቱ።

“ይሄንን ስም ሰምቼዋለሁ” አለ። “ምሳ እየበላሁ ነበር። ሰምቼዋለሁ፣ እትዬ። የማላውቀው ሰው መስሎኝ ነፍሱን ይማር ብዬ ዘጋሁት።”