ጎማ ያወጣ ቤት

ሰፈርተኛው «መስታወቱ» እያለ ነው የሚጠራው። ከልጅነቱ ጀምሮ መስታወት ሲቆርጥና በመስኮት ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። የጣቶቹ ጠባሳ ከመብዛቱ የተነሳ ሚስቱ ስትቀልድ «አንተን በአሻራ ፈልጎ የሚያገኝ ፖሊስ የለም» ትለዋለች። እሱም ይስቃል፤ ሲስቅ ድምፁ አይወጣም፣ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ክፉ ሰው ነው ያለው ማንም አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ነገሩን የባሰ መራራ ያደረገው ይኸው ነው።

አንድ ታናሽ ወንድም ነበረው። የወንድሙ ሚስት የመጨረሻዋን ልጅ ስትወልድ አረፈች። ወንድሙ ሦስት ልጆቹን ብቻውን ሲያሳድግ ቆይቶ እሱም በተራው ኩላሊቱ ከዳው። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የታላቁን እጅ ይዞ «ልጆቼን…» አለና ሌላ መጨመር አቃተው። መስታወቱም «የኔው ናቸው» አለው። ከልቡ ነበር። ከቀብር መልስ ሦስቱንም ወደ ቤቱ አመጣቸው፦ አሥራዎቹን ያጋመሰች ቁመተ ረጅም ልጅ፣ ቀጥሎ ጥያቄው የማያልቅ ወንድ ልጅ፣ ከዚያ ደግሞ የግራ ጫማዋን ከቀኙ የማትለይ ትንሽ ልጅ። ከራሱ ሁለት ወንዶች ጋር ልጆቹ አምስት፣ ቤተሰቡ ሰባት ሆነ።

ትልቋ «ጋሼ» ትለዋለች። አክብሮቱ ከስሙ አያልፍም፤ ልክ እንደ አባቷ «አንተ» እያለች ነበር የምታዋራው። ደክሞት ከሥራ ሲገባ «ጋሼ፣ ጫማህን አውልቅ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?» ትለው ነበር። ይህን ሲሰማ ድካሙ ይቀልለዋል።

የነበረችው መኪና ትንሽ አሮጌ የቤት መኪና ናት። ሰባት ሰው አትይዝም። የትም ሲሄዱ ሁለት ምልልስ ነበር። አንድ ቀን ከዘመድ ሠርግ ሲመለሱ ሚስቱንና የራሱን ልጆች አስቀድሞ ወደ ቤት አደረሰና የወንድሙን ልጆች ለማምጣት ተመለሰ። መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ፤ ዝናቡም ወረደ። ሲደርስ አዳራሹ ተዘግቶ፣ ሦስቱ ከበሩ ደረጃ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ትንሿ የእህቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። «ጋሼ፣ የረሳኸን መስሎን ነበር» አለችው ትልቋ እየሳቀች። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ያን ዕለት ለራሱ ማለ፦ ከእንግዲህ ማንም ኋላ አይቀርም።

መጀመሪያ ያሰበው ያገለገለ ሚኒባስ ነበር። ሚስቱ አልወደደችውም። «ሚኒባስ ይዘህ በየቀይ መብራቱ ‹ታክሲ፣ ትሄዳለህ?› እየተባልክ ልትኖር ነው?» አለችው። ቀልዷ ነው፤ ግን እውነትም ነበረበት። እሷ አምስት ልጅ አጥባና አልብሳ፣ የልብስ መደብር ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ሴት ናት። አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ዞር ብሎ የሚያየው ነገር ላይ መቀመጥ አማራት። እሱም ቢሆን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ «ወላጅ የሌላቸውን ልጆች በምን እንደሚያንቀሳቅሳቸው አያችሁ?» መባል አማረው።

እንዲያው እንይ ብለው ወደ መኪና መሸጫው ገቡ። ወለሉ እንደ ውሃ ያብለጨልጫል። ከመሃል የቆመው ባለ ሰባት መቀመጫ ጥቁር መኪና ቤት ያክላል። ሻጩ ሽቶው ቀድሞት የሚደርስ፣ ምላሱ ቅባት የጠጣ ወጣት ነው፤ በሩን ከፍቶ ሚስቱን ጋቢና አስቀመጣት። በሩ ሲዘጋ የመንገዱ ጫጫታ ድርግም ብሎ ጠፋ። እሷም ዓይኗን ጨፈነች። መሃል ላይ ለየብቻ የቆሙ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያላቸው ሁለት ሰፋፊ የቆዳ ወንበሮች አሉ። ከኋላቸው፣ ሻጩ አንዲት ቁልፍ ሲጫን፣ ሦስት ሰው የሚይዝ መቀመጫ ተኝቶ እንደነበረ ሰው ከወለሉ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ማንም አይቀርም» አለ ሻጩ። ቃሉ መስታወቱ ለራሱ የማለው ቃል ሆኖ አረፈ። ከዚያ በኋላ ልቡ እዚያው ቀረ።

ዋጋው ግን በመስታወት ሥራ የሚደረስበት አልነበረም። ያለው አንድ መንገድ የወንድሙ ቤት ነበር።

ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነው። ሁለቱ ክፍሎች ተከራይተዋል፤ ኪራዩ ለልጆቹ ይቀመጣል። ሦስተኛው ክፍል የወላጆቻቸው ዕቃ ተቆልፎበታል። የልጆቹ አሳዳጊ እሱ ስለሆነ ለመሸጥ የፍርድ ቤት ፈቃድ ጠየቀ፤ «ለልጆቹ ማሳደጊያ» ብሎ አመለከተ፤ ተፈቀደለት። ውሸት አልመሰለውም። ቤቱ ያረጃል፣ ተከራይ ያበላሸዋል፣ የኔ የሆነው ሁሉ የነሱ አይደለም እንዴ እያለ ራሱን አሳመነ። ሰው ሊያደርግ የቆረጠውን ነገር ምክንያት አያጣለትም።

ለትልቋ የነገራት ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁ ገባች፤ እሱ ጠረጴዛው ላይ መስታወት እየለካ ነበር። ቀና ሳይል ነገራት፦ ቤቱ ተሸጠ፣ ለሁላችንም የሚበቃ መኪና ተገዛ፣ ከእንግዲህ በዝናብ የሚጠብቅ የለም።

«የእማዬ አልጋስ?» አለች።

አልጋው ትዝም አላለው። ያሻሻጠው ደላላ ቤቱን ባዶ አድርጎ ለማስረከብ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ አውጥቶ ነበር። «ዕቃውም አብሮ ሄደ» አላት።

ቦርሳዋን ከትከሻዋ ወደ ሌላው ትከሻ አዛወረች። «እሺ። ሌላ የሚሉኝ ነገር አለ?»

የሚሉኝ። መጀመሪያ በትክክል የሰማ አልመሰለውም። ማታ ራት ላይ «ውሃ ላምጣልዎት?» ስትለው ነው የገባው። ሚስቱ «ልጅቷ ጨዋ እየሆነች ነው» አለች።

መኪናው መጣ። ጎረቤቱ እየወጣ «ይባርክላችሁ» አለ፤ ልጆች ጥቁሩ በር ላይ ፊታቸውን እያዩ ጥርሳቸውን ያገጥጡ ጀመር። የመጀመሪያው ዕለት ሲሳፈሩ ሚስቱ አቀማመጡን ደለደለች። ትንሹን ወንድ ልጇን መኪና ያቅለሸልሸዋል፣ ስለዚህ መሃል፤ ታላቁ እንዲይዘው ከጎኑ። የወንድሙ ልጆች ከኋላ። ክፋት አስባ አይደለም፤ ሰው የራሱን ልጅ ሲያስቀድም ማስቀደሙን አያውቀውም። የኋላው መቀመጫ ግን ለአጭር ሰው የተሠራ ነው፤ ትልቋ ጉልበቷ አገጯ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። በዚያው ተለመደ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰፈሩ የሚያወራውን መስታወቱ የሰማው ከሁሉ በኋላ ነው። የልብ ወዳጁ የሆነው አናጺ አንድ ቀን ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ነገሩን በቀልድ ሊያቀለው ፈልጎ፣ «የወንድምህ ቤት ጎማ አወጣ አሉ» አለው። መስታወቱ ሊስቅ ሞከረ፤ ትከሻው አልታዘዘውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪ በጨበጠ ቁጥር ዓይኑ መንገዱን ትቶ ስፖኪዮው ላይ ይሄዳል። ሩቅ፣ ከኋላ፣ ሦስት ራሶች ይታዩታል። ከፊታቸው ሁለቱ የሱ ልጆች ክንዳቸውን ዘርግተው ተኝተዋል።

አንድ ጠዋት መኪናውን አቆመና የራሱን ሁለት ልጆች ወደ ኋላ እለፉ አላቸው። ሚስቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ትልቋ ግን አልተነሳችም። «ግድ የለም ጋሼ፣ ለምደነዋል። እርስዎ ይንዱ» አለችው። በማግስቱ ትምህርት ቤት በእግሯ ሄደች። ሳምንት ሳይሞላ ወንድሟ ተከተላት፤ ትንሿንም በእጇ ይዛት ትሄድ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ያ ሁሉ መኪና የኋላ መቀመጫው ባዶ ሆኖ በአጠገባቸው ያልፋል፤ ክላክስ ሲያደርግላቸው ቆመው በአክብሮት ጎንበስ ይላሉ። ብትሰድበው ይመልስ ነበር፤ ብታለቅስ ያባብላት ነበር። ለአክብሮት መድኃኒት አላገኘለትም።

እንዲህ እየሆነ ዓመታት አለፉ። ትልቋ ትምህርቷን ጨርሳ መድኃኒት ቤት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆነች። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ገብታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ክፍል ተከራይቻለሁ። ካልተቀየሙኝ ልጆቹን ይዤ ልወጣ ነው።»

«ምን ጎደለባችሁ?» አላት።

«ምንም አልጎደለብንም። የራሳችን ቤት ስለነበረ፣ ሰው ቤት መኖር አልለመድንም።»

መኪናውን ሸጬ ቤት እፈልግላችኋለሁ አላት። ራሷን ነቀነቀች። «አይሽጡት። ያኛው ቤት አይመለስም» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቂም አልነበረም፤ የሞተን ሰው ዕድሜ እንደሚናገር ሰው ነበር የተናገረችው።

ዕቃቸውን ያደረሰላቸው እሱ ነው። የኋላው መቀመጫ ታጥፎ ወለል ሲሆን ፍራሽ፣ ሁለት ሻንጣ፣ አንድ የጋዝ ምድጃ ተጫነበት። ያን ዕለት ትልቋ ጋቢና ተቀመጠች፤ ታናናሾቿ መሃል። እስኪደርሱ ድረስ ትንሿ ክንድ ማሳረፊያውን ከፍ ዝቅ እያደረገች «ይሄ ይንቀሳቀሳል ለካ» አለች። ስትወርድ ግን አንገቱን አቀፈችው። እሱ እዚያው መሪው ላይ እንደተቀመጠ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ምክሯን አልሰማም፤ መኪናውን ለገበያ አወጣው። የመኪና ደላላው ዙሪያውን ዞሮ «አሮጌ ነው እኮ» አለ፤ የተከፈለው ደግሞ የቤቱን አንድ ክፍል እንኳ የሚገዛ አልነበረም። ሳይጎድል በሦስቱ ልጆች ስም ባንክ አስገባው። ሚስቱ የዚያን ዕለት አኮረፈችው፤ «ለኔስ ልጆች?» አለችው። ጥያቄዋ ልክ ነበር። ዛሬ እሷም በአውቶቡስ ነው ሥራ የምትሄደው። አብረው ይኖራሉ፤ ጨዋታው ግን ከቤታቸው ወጥቷል። አሁን ስለ አሻራው የሚቀልድበት የለም።

ልጆቹ ተደላድለዋል ሊባል ይችላል። ገንዘቡ የወንዱን ልጅ የኮሌጅ ክፍያ ሸፈነ። ትልቋ ለሌላ ጉዳይ አልነካችውም። እሱም አልፎ አልፎ እየሄደ ይጠይቃቸዋል። ወንበር ይሰጡታል፣ ሻይ ያቀርቡለታል፣ ሲነሳ እስከ በር ይሸኙታል፤ እንግዳን እንደሚሸኙ።

ባለፈው ሲሄድ የክፍላቸው መስኮት አንዱ መስታወት ተሰንጥቆ በፕላስተር ተይዞ አየ። ብርዱ ይገባል። በዓይኑ ለካው። በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ቤት እንደማይኖሩ እያወቀ፣ የተቆረጠ መስታወት በብብቱ ይዞ በእግሩ መጣ። አሮጌውን በጥንቃቄ አወጣ፤ አዲሱን ገጠመ፤ ዙሪያውን ስቱኮ ሞልቶ በአውራ ጣቱ አለሰለሰው። የወደቀውን ስብርባሪ በእጁ ለቅሞ በጋዜጣ ጠቀለለ።

ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣ የነበረች ተከራይ ቀረብ ብላ ታየው ነበር። «ሲመጡ ማን መጣ ልበላቸው?» አለችው።

መስታወቱ ጥቅሉን በብብቱ ስር አስገባ።

«መስኮት ሠሪ መጥቶ ነበር በያቸው» አለና የግቢውን በር ገርበብ አድርጎ ወጣ።