የፓይለት ሰዓት ከመርካቶ

አውሮፕላን ወደ ጅማ ሲወርድ የሚያሰማው ጉርምርምታ እዚያው ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ወደነበረው ቤታችን ይመልሰኛል። እናቴ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ወዲህ፣ ከትምህርት ቤት ተመልሼ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ውሃ እያቀበልኩና እያገላበጥኳት፣ አባቴ ከእህል ሱቁ እስኪገባ ከቤት አልወጣም ነበር። እህትም ወንድምም አልነበረኝም። ክረምቱን ሙሉ በመስኮት ዝናቡን እያየሁ፣ አንድ ቀን ፓይለት ሆኜ ከዚህ ቤት እበራለሁ እል ነበር።

መስከረም ላይ አባቴ ሰዓት ሊገዛልኝ የጅማው መርካቶ ወሰደኝ። ነጋዴው የፓይለት የሚባሉ ሁለት ሰዓቶች አወጣልን። አንደኛው ወርቃማ ሆኖ ፊቱ ላይ ትንንሽ ሰዓቶች ነበሩበት፤ ጠጋ ብዬ ሳያቸው ግን የተሳሉ እንጂ የሚዞሩ አልነበሩም። ሌላው ጥቁር ፊትና ትልልቅ ነጭ ቁጥሮች ነበሩት፣ ማሰሪያውም ሸራ ነበር።

«ይሄኛውን» አልኩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ የወንድ አይደል?» አለ አባቴ።

«ፓይለቶች እንዲህ ያለ ነው የሚያስሩት፣ አባ። ከያዝነው ብርም አያልፍም።»

ስቆ ገዛልኝ። እጄ ላይ እያሰረልኝ ግን፣ «እንግዲህ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ እናትሽ፤ ሰዓቱን አላወቅኩም ማለት ቀረ» አለኝ። ደስታዬ ከፊቴ ላይ ሲጠፋ ያየኝ አልመሰለኝም።

የቡና ለቀማ ሲደርስ ጓደኞቼ ከወላጆቻቸው ጋር ማና ወዳለው የቡና ማሳ ወርደው እየለቀሙ፣ እየተሳሳቁ ይውሉ ነበር፤ እኔ ሰዓቴን እያየሁ ወደ ቤት እሮጥ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ በደህናው እጇ ክንዴን ያዘችኝ።

«ፍቺው» አለችኝ።

«ለምን፣ እማ?»

«እኔ ጋ ይቀመጥ። ውጪና ተጫወቺ፣ አባትሽ ሳይገባ ትመለሻለሽ። እኔ እንደሆን የትም አልሄድ።»

በማይንቀሳቀሰው እጇ ላይ አስሬላት ወጣሁ። አወቱ ወንዝ ድልድይ ጋ ስደርስ ልጆች ውሃ ይራጩ ነበር፤ ጠሩኝ። ብትጠማስ፣ ብትወድቅስ እያልኩ የድልድዩን መደገፊያ ይዤ ቆምኩና፣ ምን ያህል እንደቆየሁ ሳላውቅ፣ ወደ ኋላ ሮጥኩ።

«አሁን ወጥተሽ አሁን?» ብላ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶት ነበር። በጋው ሳያልቅ አረፈች፣ አላህ ይማራት።

ፓይለት አልሆንኩም፤ አጋሮ ውስጥ ብቻዬን እየኖርኩ አንድ የቡና ነጋዴ ዘንድ እሠራለሁ። ከሥራ ስወጣ መንገድ ላይ ከሰው ጋር አወራለሁ፣ ሻይ እጠጣለሁ፣ ደስ ባለኝ ጊዜ እገባለሁ። ያኔ ከቤት የሚያስወጣኝ አጥቼ ነበር፤ አሁን በሬን ከፍቼ ስገባ «የት ቆየሽ?» የሚለኝ የለም።