ሁለት ጆንያ በአንድ ሳፋ

ትምህርት ቤት ሥራ የገባሁ ዕለት፣ የሳይንስ አስተማሪው መምህር ታፈሰ አንድ ሳፋ፣ የጥርስ ብሩሽና ጥጥ ፊቴ አስቀመጡ። «እትዬ አስካለ፣ ድንጋይ ይምሰል እንጂ የጥንት አውሬ አጥንት ነው። እንደ አራስ ልጅ ይያዙት» አሉኝ።

ሐረር ያመጣኝ ባሌ ነው፤ ወታደር ነበር፤ ጠረፍ ላይ ሞተ። ዘመድ የለኝም። በትምህርት ቤቱ ግቢ ያለችው ክፍል ለሥራው የተሰጠችኝ ናት። ከሥራ ብወጣ እኔና ልጄ ሜዳ ላይ ነን። ይህ ፍርሃት አብሮኝ ይተኛል፣ አብሮኝ ይነሳል።

ጭቃውን በብሩሽ አነሳለሁ፣ ቀዳዳ የገባውን በወስፌ እፈቀፍቃለሁ፣ በጥጥ አደርቃለሁ፣ የተገኘበት ቦታ ከተጻፈበት ወረቀት ጋር እደረድራለሁ። ወስፌውን የገዛሁት ጀጎል ውስጥ ከስፌት ሰፊዋ ከዲጃ ነው።

«ምን ልትሰፊበት ነው?»

«አጥንት ልፈቀፍቅበት።»

«አስተግፊሩላህ! የማንን?» ብላ ጎረቤቶቿን ጠርታ ሳቀችብኝ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሰፈር ስሜ «አጥንት አጣቢዋ» ሆነ። ከሩቅ ሰላም ይሉኛል እንጂ እጄን የሚጨብጠኝ ጠፋ።

አንድ ቀን ሁለት ጆንያ አጥንት መጣ፤ አንዱ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ፣ አንዱ ድሬ ጠያራ ከሚባለው ገጠር። ከሐኪም ጋራው ጆንያ ሁለት ስባሪ አጥቤ እንዳደረቅኩ ልጄን ትኩሳት ያዛት። ቶሎ ልጨርስ ብዬ የቀረውን የሁለቱንም ጆንያ አንድ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። በየስባሪው የታሰሩት ወረቀቶች ረጥበው ተላቀቁ። በግምት መለስኳቸው።

በማግስቱ መምህር ታፈሰ ከሐኪም ጋራ የመጣ ነው ያልኩትን አምስት ስባሪ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ደስታቸው ወሰን አጣ። ጀርባው እንደ ጋሻ ጠንካራ ጥሩር የለበሰ፣ ቅጠል በል አውሬ ነው አሉኝ።

«ራሱስ?»

«አልተገኘም።»

«እግሩስ?»

«እሱም። ግን አምስቱም የአንድ አካል ናቸው። ለአዲስ አበባ ሙዚየም ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ዛሬ እልከዋለሁ።»

«የአንድ አካል» ሲሉ ባሌ ትዝ አለኝ። ሬሳውን ያመጡልኝ በታሸገ ሳጥን ነው። እሱ ነው አሉኝ፤ አልከፈቱልኝም። ዛሬም ማንን እንደቀበርኩ አላውቅም።

«መምህር፣ ሦስቱን እኔ እንጃ» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

ስባሪዎቹን አንድ በአንድ አገላበጡ። «ርግጠኛ የሆኑት በየትኞቹ ነው?»

«ከመቀላቀሉ በፊት ባጠብኳቸው በሁለቱ ብቻ።»

ደብዳቤውን ቀደዱት። በሦስቱና ከድሬ ጠያራ ናቸው ባልኳቸው ላይ «ቦታው አይታወቅም» ብለው ጻፉ።

«ያባርሩኛል?»

«ሌላ ሳፋ እገዛለሁ» አሉ፣ ፊቴን ሳያዩ።

አላባረሩኝም። ስለ አውሬ ግን ከዚያ በኋላ አጫውተውኝ አያውቁም። አጥንት አስቀምጠው ይወጣሉ፤ እኔ ብቻዬን አጥባለሁ። እንዲህ ዓመታት አለፉ።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ፦ የሁለት ቦታ አጥንት በአንድ ሳፋ አይታጠብም። ከተቀላቀለም በግምት አይለይም፤ ያኔውኑ ይነገራል።