ከለቡ እስከ ብስራተ ገብርኤል፣ አንድ ብልቃጥ አቧራ ይዤ

ቅዳሜ፣ ንጋት 12:20፤ ለቡ

ከቤት የወጣሁት ዋሽቼ ነው። እናቴን «ተማሪዎች ይዤ ዝዋይ ደርሼ እመለሳለሁ» አልኳት። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ዓመት በዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስል የኖርኩ ነኝና ውሸቱ ከአፌ ሲወጣ ብዙም አላደናቀፈኝም። የምሄደው ግን መካኒሳ፣ ከዚያም ብስራተ ገብርኤል ነው። ቫኪዩም ልገዛ ነው፤ ያን አቧራ የሚስበውን፣ ገመድ የሌለውን፣ ቀጥ ብለው ቆመው እንደ ዱላ የሚይዙትን።

«ይመሽባችኋል?» አለችኝ።

«ኧረ ከሰዓት እገባለሁ።»

«በሰላም ያግባሽ። ማርያም ትከተልሽ።» ግድግዳውን እየተደገፈች እስከ በሩ ሸኘችኝ።

እናቴ፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ወገቧን ታማለች። ሐኪሙ የወገቧን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅሎ ካሳየን በኋላ «ካሁን ወዲያ ጎንበስ ማለት የለም እናቴ። እምቢ ካሉ ቀዶ ጥገና ነው፤ እሱን ደግሞ በእርስዎ ዕድሜ አልመክርም» አላት። እሺ አለች። በማግስቱ ጠዋት ከነመጥረጊያዋ እጥፍ ብላ አገኘኋት። የሳር መጥረጊያ እንደምታውቁት እጀታው አንድ ክንድ አይሞላም። ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ደግሞ ሁለት ሕንፃ እየተሠራ ነው፤ ሲሚንቶው በመስኮት ይገባል፣ እሷም በቀን ሦስቴ ትጠርጋለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ በመጨረሻ መጥረጊያውን ደበቅኩት። ደረጃውን ወርዳ ሌላ ገዝታ መጣች። ከወንበር ስትነሳ የምታሰማት ትንሽ ድምፅ አለች፤ እሷን በሰማሁ ቁጥር እፈራለሁ።

ቫኪዩም ልገዛ ነው ብላት ደግሞ ገና ከበሩ ሳልወጣ «ገንዘብ ጠልቶሻል?» ብላ ታስቀረኛለች። ስለዚህ ዝዋይ።

በቦርሳዬ ውስጥ የማርማላታ ብልቃጥ አለ። ትናንት እናቴ ጠርጋ ካፈሰችው ላይ ሞልቼ የደበቅኩት ነው፤ የሲሚንቶ ብናኝ፣ የኔ ፀጉር፣ እፍኝ የማይሞላ ጤፍ። ሻጭ ሁሉ ዕቃውን በራሱ ቆሻሻ ነው የሚያሳየው። እኔ የቤቴን ይዤ ሄድኩ።

1:05፤ ታክሲ ውስጥ

ጋቢና ደርሶኛል። መንገዱ ገና አልተጨናነቀም፤ አሸዋ የጫኑ መኪኖች፣ በር በሩ ላይ የተከመረ ብሎኬት፣ ጃኬታቸውን እስከ አገጫቸው የቆለፉ የቀን ሠራተኞች። ጢሙ የሸበተው ሾፌር ብልቃጡን ጭኔ ላይ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እምነት ነው እህቴ? ከየትኛው ገዳም ነው?»

«የቤቴ አቧራ ነው።»

አንዴ ብልቃጡን፣ አንዴ እኔን አየ። የመጀመሪያዋ ጤነኛ ያልሆነች ተሳፋሪው እንዳልሆንኩ ከፊቱ ያስታውቃል። ነገሩን ሳስረዳው ግን መሪውን መታ መታ አደረገ።

«እኛም ቤት አለ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ። ስምንት ወር ሠራና ባትሪው ሞተ። ባትሪውን ቀይሩልን ብንል፣ ከአካሉ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው፣ አይወጣም አሉን። ባለቤቴ አሁን ልብስ ትሰቅልበታለች።»

ማስታወሻዬ ላይ «የሚወጣ ባትሪ» ብዬ ጻፍኩ። መካኒሳ ስንደርስ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም፤ አንዲት ጠባብ ቤት ገብቼ ቃሪያው የበዛበት ፉል በላሁ። ፉሉ ጥሩ ነበር፣ ዳቦው የትናንት ነው።

3:00፤ መካኒሳ፣ ዋናው መንገድ

የመጀመሪያው ሱቅ ሻጭ ጎልማሳ ነው፤ ሸሚዙን ተኩሷል፣ ምላሱንም እንደዚያው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የዋት ቁጥር በጣቱ እየመታ «ይሄን ያህል ጉልበት በዚህ ዋጋ የትም አያገኙም» ይላል። አሥራ አራት ሺህ። ወረቀት ቀዳደደና የሚያብረቀርቀው ሴራሚክ ላይ በተነው፤ ማሽኑ እልም አደረገው።

«እኔም ልሞክር?» ብዬ ብልቃጤን ከፈትኩ።

ሴራሚኩ መጋጠሚያ ላይ ሳፈሰው ሰውየው እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰም። ማሽኑ ብናኙን ላይ ላዩን ወሰደ። ጤፉን ግን ተሽከርካሪው ብሩሽ እየመታ በሱቁ አራት ማዕዘን በተነው። አንዷ ፍሬ ጫማው ላይ አረፈች።

«ጤፍ እኮ ይለቀማል እንጂ በማሽን አይሳብም እመቤቴ» አለኝ። እውነቱን ነው። እኛ ቤት ግን የሚለቅመው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ይቅርታ ጠይቄ፣ መጥረጊያ ለምኜ፣ ያፈሰስኩትን ጠርጌለት ወጣሁ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ቀና ስል ወገቤን ያዝኩ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው።

4:10፤ ጋሽ ከድር ዘንድ

ወደ ለቡ ከመዛወራችን በፊት መካኒሳ ነበር የምንኖረው፤ እናቴ እዚያ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቆይታለች። ወደ ድሮ ቤታችን በሚወስደው ቅያስ አፍ ላይ፣ ጋሽ ከድር ዛሬም ራዲዮና ካውያ ይጠግናሉ። መነጽራቸው በሽቦ ታስሯል። ሲያዩኝ ሰላምታው ረዘመ፤ እናቴን ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ።

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ከጠረጴዛቸው ሥር የሞተ ቫኪዩም አውጥተው በሁለት ብሎን ፈቱትና ፊልትሮውን እጄ ላይ አስቀመጡት። እንደ ድንጋይ ነው።

«ከየት የመጣ ይመስልሻል? ከለቡ ነው፣ ከናንተው ሰፈር። ሰዎቹ መመሪያውን አንብበው ፊልትሮውን በውሃ አጠቡት። ሲሚንቶ የጠጣ ፊልትሮ ውሃ ሲነካው ምን ይሆናል? አንቺ አስተማሪ ነሽ።»

«ይጠነክራል።»

«ቤት ሠሩበታ!» ብለው ሳቁ። «መጀመሪያ በደረቁ ማራገፍ፣ በብሩሽ መጥረግ፣ ውሃው ከዚያ ነው። ትርፍ ፊልትሮ ያለው ይሁን። የካርቶኑን ቁጥር ተዪው፤ ቁጥሩ የሞተሩን ጩኸት እንጂ የሚስበውን አይነግርሽም። በብሎን የሚከፈት ምረጪ። በማጣበቂያ የታሸገ እኔም አልከፍተው።»

ሁሉንም ጻፍኩ። ልነሳ ስል መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማን ነው የሚይዘው?»

«እኔ ነኝ። ጠንካራውን ገዝቼ ረቡዕና ቅዳሜ እጠርጋለሁ፤ እሷ አርፋ ትቀመጣለች።»

«እትዬ ጥሩነሽ፣ አርፋ?» ወደ ቅያሱ ተመለከቱ። «እናትሽ ይሄን መንገድ ጠርጋ እዚህ የኔ በር ላይ ስትደርስ ነበር ሱቅ የምከፍተው። የራሷ ደጅ እኮ እዚያ ላይ ነበር። ግን ‹እንዴት አደራችሁ› ሳትል የምታልፈው በር አልነበረም። የታመመ ሰው ካለ ከሁላችን ቀድማ የምታውቀው እሷ ነበረች። ማሽኑን የምትገዢው ለወገቧ ነው ወይስ መጥረጊያውን ልትቀሚያት?»

ማስታወሻዬን ዘጋሁ። ለቡ ከገባን ሁለት ዓመታችን ነው፤ ከእኛ ጎን ያለችውን ሴት ስም አናውቅም። በሯ ላይ ሰማያዊ መጋረጃ እንዳለ ብቻ ነው የማውቀው። እናቴ ኮሪደሩን አንድ ሁለቴ ሞክራው ነበር፤ ረጅም ነውና ወገቧ አልቻለም፣ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ በቀን ሦስት ጊዜ የምትጠርገው ያችኑ ሁለት ክፍል ነው። ለምን ሦስት ጊዜ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ከጋሽ ከድር ሱቅ እስከ ታክሲው ድረስ በራሴ እያፈርኩ ሄድኩ።

5:45፤ ብስራተ ገብርኤል

ሱቁ ከቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ሻጯ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ የማትቸኩል ሴት ናት። ብልቃጡን ስታይ አልደነገጠችም፤ «እዚህ ምንጣፍ ላይ ግማሹን፣ እዚህ ሴራሚክ ላይ ግማሹን» ብላ ቦታ አሳየችኝ።

ሁለት ማሽን ቀረበልኝ። አንደኛው አሥራ ስምንት ሺህ አምስት መቶ ነው፤ አሥራ ሁለት ሺህ ይዤ ለወጣሁት ሴት ለማየት ያህል ብቻ ነው። ሁሉንም በአንድ ጉዞ ዋጠው፣ ጤፉንም ጭምር። ሁለተኛው አሥራ አንድ ሺህ ስምንት መቶ። ጤፉን በሁለተኛው ምልልስ ነው የጨረሰው። ባትሪው በአንድ ቁልፍ ይወጣል፣ በብሎን ይከፈታል፣ ካርቶኑ ውስጥ ትርፍ ፊልትሮ አለው። ሃያ ደቂቃ ይሠራል።

«ለመሙላትስ?»

«አራት ሰዓት። እሱ ላይ አልዋሽሽም።»

«ጉድለት፦ አራት ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሻጯ ሁለቱንም በየተራ አስያዘችኝና የግድግዳውን ሰዓት እያየች አስቆመችኝ። ያኛው፣ ውዱ፣ ሞተሩ እጀታው ላይ ስለሆነ በአምስተኛው ደቂቃ የእጄ አንጓ ዛለ። ይሄኛው ቀላል ነው። እጀታውም ይረዝማል ያጥራል፤ እስከ እናቴ ቁመት ለክቼ አቆምኩት፤ ደረቴ ላይ ትደርሳለች። ማንም ሰው ሳይጎነብስ ይይዘዋል።

እውነቱን ለመናገር ውዱን የምገዛበት ሰበብ እየፈለግኩ ነበር፤ የጎደለኝን ከባልደረባ ተበድሬ፣ የኔ እጅ እንደምንም የሚችለውን። ከዚያ የጋሽ ከድር ጥያቄ መጣብኝ። ቀላሉን አልኩ። አምስት መቶ ብር ቀነሰችልኝ።

8:20፤ መመለሻ

ረዳቱ ካርቶኑን በዓይኑ ለካና «ይሄም ሰው ነው፣ ይከፈልበታል» አለኝ። ከፈልኩለት። ካርቶኑ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ወደ ለቡ መጣ። መንገዱ ተጨናንቋል፣ ፀሐዩ በርትቷል። ቤት ስገባ ምን እንደምል እያሰብኩ ነበር፤ ዝዋይ ደርሶ ቫኪዩም ይዞ የሚመለስ ሰው የለም። ከዚያ በላይ ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ቅዳሜ ነው፣ ግንባታው ጠዋት ሙሉ ሲሠራ ውሏል፣ እናቴ ብቻዋን ናት። እስካሁን ሁለቴ ጠርጋለች፣ ሦስተኛው ላይ ናት ብዬ አሰላሁ።

9:30፤ ቤት

በሩን ከፈትኩ። ወለሉ አልተጠረገም።

በሕይወቴ የእናቴን ቤት እንዲህ አይቼው አላውቅም። ሲሚንቶው ከመስኮቱ እስከ በሩ ግራጫ ሆኖ ተኝቷል። ከሥሩ የኔ የጠዋት ኮቴ ይታያል፤ ከመኝታ ቤት እስከ በር፣ ስወጣ የረገጥኩት ሁሉ። መጥረጊያው ከበሩ ኋላ ቆሟል። እናቴ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ወገቧ የባሰባት መሰለኝ።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ? አመመሽ?»

«ምን እሆናለሁ?»

«አልጠረግሽም እኮ።»

«መንገደኛ ሸኝቼ?» አለች፣ ባለጌ ነገር እንደተናገረ ሰው እያየችኝ። «ልጄ ከከተማ ወጥታ ኋላዋን ልጠርግባት? ሳትገቢ መጥረጊያ እነካለሁ እንዴ?»

ሐኪሙ ያልቻለውን፣ ልመናዬና ቁጣዬ ያልቻሉትን፣ አንድ ውሸት ሲሠራው ዋለ። ቀኑን ሙሉ ሳትጎነብስ የዋለችው እኔ በሰላም እንድገባ ነው። ካርቶኑን ደጃፍ ላይ አስቀምጬ እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዝዋይ አለመሄዴን፣ ብልቃጡን፣ ጋሽ ከድር ያሉትን።

«ከድር ደህና ነው?» አለች መጀመሪያ። ከዚያ ካርቶኑን አየች። «ታዲያ ሐይቁ ይሄ ነው?»

ገጣጥሜ እጇ ላይ ሰጠኋት። ክብደቱን በእጇ መዘነች፣ ዋጋውን ጠየቀች፣ ስነግራት «አበድሽ» አለች፣ ቁልፉን ተጫነች። ከኮቴዬ ነው የጀመረችው። «በቃ ገብተሻል» እያለች አንድ በአንድ ከመኝታ ቤት እስከ በሩ ወሰደቻቸው። ቀጥ ብላ ነው የቆመችው። በሩ ላይ ስትደርስ ታቆማለች ብዬ ነበር። ወደ ኋላዋ ዞር ብላ የሚጎትታት ገመድ እንደሌለ አየችና ወጣች።

የኛን ደጅ ጨረሰች። ወደ ቀጣዩ አለፈች። ሱቅ ውስጥ ስንሞክረው ባትሪው ተበልቶ ነበርና ሰማያዊው መጋረጃ ፊት ለፊት ድምፁ ቀጥ አለ። መጋረጃው ተገለጠ፤ ሴትዮዋ ማማሰያ እንደያዘች ብቅ አለች።

«እንዴት ዋላችሁ ልጄ? የናንተን በር ሳልጨርስ ባትሪው አለቀብኝ» አለች እናቴ።

«እኔን ይድከመኝ እናቴ! ይግቡ፣ ይግቡ፣ እኛ ጋ ይሰካ።»

ቻርጀሩን ሮጬ አመጣሁላቸው። እናቴ መደገፊያ ያለው ወንበር ተሰጥቷታል፤ የሴትዮዋን ስምና የልጆቿን ቁጥር አውቃ፣ የእናቷ አገር የት እንደሆነ ወደ መጠየቅ ተሻግራለች።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለችኝ ሴትዮዋ ሶኬቱን እያሳየችኝ።

«አራት ሰዓት።»

«ይሁና» አለች እናቴ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተደላደለች።

ወደ ቤቴ ተመልሼ ማስታወሻዬን ከፈትኩና «ጉድለት» የሚለውን ሰረዝኩት።