ዓሣ የሌለበት ባሕር

ወደ ጁስ ቤቴ የሚገባ ሰው ሁሉ ወንበር ሳይስብ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ዓሣው የታለ?» ይለኛል። እኔም እንደ ስሜቴ እመልሳለሁ። ደስ ያለኝ ቀን «ገበያ ወጥቷል» እላለሁ፤ የከፋኝ ቀን ደግሞ «አንተ የመጣኸው አቮካዶ ልትጠጣ ነው ወይስ ቆጠራ ልታካሂድ?» ብዬ አፉን አስዘጋዋለሁ። ግድግዳው ሥር ባለው ርዝመቱ የሰው ቁመት በሚያህል የመስታወት ሳጥን ውስጥ ያለው ንጹሕ ውኃና ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ለደንበኛ ነግሬ አላውቅም።

ከጅዳ የተመለስኩት እንጅባራ ውስጥ ባጃጅ መብዛት በጀመረበት ሰሞን ነው። ያገለገልኩበት ቤት ሳሎን ውስጥ ትልቅ አኳሪየም ነበር፤ ውኃው የባሕር፣ ድንጋዩ የባሕር፣ ዓሣው የባሕር። የሚንከባከበው ባለሙያ በመጣ ቁጥር ባልዲ የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ኋላ ኋላ እሱ ሲቀር፣ እጄን እስከ ትከሻዬ እየከተትኩ መስታወቱን የማጸዳውም፣ የተናደ ድንጋይ መልሼ የማቆመውም እኔው ሆንኩ። በዚያ ቤት ውስጥ የኔ የምለው ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበር። አገሬ ስገባ የቤታችንን የፊት ክፍል ጁስ ቤት ላደርገው፣ ሰው የሚስብ አኳሪየምም ላቆምበት ቆርጬ ነው የመጣሁት።

ቤት ስደርስ ግን ታናሽ ወንድሜ የለም። እኔ ወዳለሁበት አገር ሊመጣ በጅቡቲ በኩል በጀልባ ተነሥቶ፣ ጀልባዋ መሐል ባሕር ላይ ተገልብጣለች። አብሮት የነበረ፣ የጎረቤታችን ከተማ የአዘና ልጅ ተርፎ ተመልሶ ለአባቴ ነገራቸው። «ውኃው ውስጥ አይቼው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም» ነው ያለው። እናቴ ይህን እንደሰማች ቁርጧን አወቀች። ፍታት ይፈታለት፣ ለቅሶ እንቀመጥለት አለች። አባቴ ግን ወይ ፍንክች!

«አላየሁትም አለ እንጂ ሞተ አላለም» አሉ። «ሬሳውን ያላየሁትን ልጅ አልቀብርም።»

አባወራ እምቢ ካለ ቄሱስ ዕድርተኛውስ ምን ያደርጋል? ነገሩ በዚሁ ቀረ። እናቴ እርሟን ሳታወጣ፣ ማቅ ሳትለብስ፣ ደህናም ሳትሆን ትውላለች። አንዳንዴ ለብቻዋ በአገውኛ እያንጎራጎረች እህል ስትለቅም አገኛታለሁ፤ ስታየኝ ዝም ትላለች።

እንዲህ ሆኖ ልጁ በቤታችን ውስጥ አልሞተም፤ አልኖረምም። በራችን ላይ ባጃጅ በቆመ ቁጥር አባቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ብድግ ይላሉ። ስልካቸውን ቻርጅ አድርገው ወደ እሱ ቁጥር ይደውላሉ። ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም የምትለዋን ሴት እስከ መጨረሻው ያዳምጧትና «ኔትወርክ ነው» ይላሉ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። እኔም ብሆን ቤቱ ጭር ሲል ኮቴውን ከጓዳ የሰማሁ እየመሰለኝ እዞራለሁ። ፈራሁ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩትን ወንድሜን ፈራሁት።

ሥራ ይሻለኛል ብዬ መስታወቱን ዳንግላ ውስጥ በርና መስኮት ከሚሠራ አሉሚኒየም ቤት አሠራሁ። ሠራተኛው በሲሊኮን ጥርቅም አድርጎ አጣበቀው፤ እንዳይጫርም በነጭ አቡጀዲ ጠቅልሎ በገመድ አሰረልኝ። እስከ እንጅባራ በአይሱዙ መጣ። ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ደግሞ ጋሪ ላይ ጫንኩትና እንዳይንሸራተት አንድ እጄን ላዩ ላይ አድርጌ ከኋላ በእግሬ ተከተልኩ። ባለጋሪው ፈረሱን ቀስ ያደርገዋል። መንገደኛው ዳር ይዞ ያሳልፈናል። ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። አንዱማ ከበቅሎው ወረደልን። የአገሬ ሰው እንዴት ጨዋ ነው፣ ለመስታወት እንኳ እንዲህ ይጠነቀቃል ብዬ ተገረምኩ። የኔ ጅልነት! ረጅም ሳጥን በአቡጀዲ ተጠቅልሎ፣ ሴት ከኋላው እየተከተለችው ሲመጣ የኛ ሰው ሌላ ምን ሊያስብ ኖሯል?

እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ጋሪውን ስታይ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

«መጣህልኝ? መጣህልኝ ልጄ?» እያለች ደረቷን እየመታች ሮጣ ሳጥኑ ላይ ተደፋች።

«እማዬ መስታወት ነው» ልላት ትከሻዋን ብይዝ ሳጥኑን ጥብቅ አድርጋ አቀፈችው። ጎረቤቱ ድምፅዋን ሰምቶ ከየቤቱ ወጣ። ሴቶቹ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያለቅሱ ጀመር። ያለቀሱት የኛን ልጅ ነው፤ ስሙን እየጠሩ ነው። ይህን ለቅሶ ስንት ጊዜ አምቀው ይዘውት ኖሯል። ያን ጊዜ አባቴ ከጓሮ ዱላቸውን ይዘው ወጡ።

«ማነው የሞተው? ማን ሞተ ብሏችሁ ነው? ዕቃ ነው! የዓሣ ቤት ነው! ሂዱ ወደየቤታችሁ!»

ገመዱን በቢላ በጥሰው አቡጀዲውን ገፈፉት። ሳጥኑ ባዶ ነበር። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ተበተነ። እናቴን ደግፌ አስገባኋት፤ እንባዋ በአንድ ጊዜ ደርቆ ነበር።

«የጀመርኩትን ለቅሶ አባትሽ ከአፌ ነጠቁኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ወደ ፊት ክፍሉ እግሯን አላነሣችም።

እኔ አኳሪየሙን ለመተው አስቤ ነበር። አትተዪ ያሉኝ አባቴ ናቸው። በማግስቱ መስታወቱ ፊት ሲቆሙ ሲቀመጡ አረፈዱና «ባዶ ሳጥን ቤት ውስጥ አይከርምም» አሉኝ። «ምንድነው የሚገባበት?»

አባቴ ካብ በመካብ የታወቁ ናቸው። ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርድረው የሚያቆሙት አጥር ከብት ቢታከከው አይነቃነቅም። የአዘናው ልጅ ያን ወሬ ካመጣ ጀምሮ ግን ድንጋይ ነክተው አያውቁም ነበር። ስለዚህ ጆንያ ይዘው «ነይ፣ እናምጣ» ሲሉኝ አልተከራከርኩም። ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው የእግር መንገድ ሄደን፣ ቀዳዳ የበዛበትን ጥቁር ድንጋይ ለቀምን። እሳቸው እያንዳንዱን በመዳፋቸው አገላብጠው ደልዳላ ጎኑን ይፈልጋሉ፤ ፊት የሌለው ድንጋይ ድንጋይ አይደለም ይላሉ። እኔ ደግሞ ከጅዳው ባለሙያ ያየሁትን እለፈልፋለሁ። ድንጋዩ አሸዋ ላይ አይቀመጥም፤ መጀመሪያ ከታች ወፍራም ላስቲክ ተነጥፎ ድንጋዩ እሱ ላይ ይቆማል፣ አሸዋው ኋላ ይፈስሳል። ከመስታወቱ ጋር አይነካካም፤ የሚያጸዳ እጅ የሚያልፍበት ክፍተት ይተውለታል። እንደ ከብት አጥርም ጥቅጥቅ አይልም፤ ውኃ ይተላለፍበት፣ ዓሣም ይደበቅበት ዘንድ ዋሻ ይኖረዋል።

ድንጋዩን በበርሜል ውኃ ፈትገን አጠብን። አባቴ ግቢው ውስጥ የሳጥኑን ልክ በሲባጎ ወጥረው መጀመሪያ መሬት ላይ ካቡት፤ አፍርሰውም ደግመው ካቡት። ሲሠሩ ይጠይቁኛል።

«የባሕር ሆዱ እንዲህ ነው? ድንጋይ ነው?»

«ድንጋይም አሸዋም ነው፣ አባዬ።»

«ብርሃን ይደርሰዋል?»

«ይደርሳል።»

«ይበርዳል?»

ስለ ዓሣ የሚጠይቁ መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ፊታቸውን ሳይ ስለ ዓሣ እንዳልሆነ ገባኝ።

«አይበርድም» አልኳቸው። «ሞቃት ነው። እንደ ተልባ ውኃ ለብ ያለ ነው።»

እኔ ባሕር ያየሁት ከዳር ነው፤ ታቹን ማን አየው? ቢሆንም መለስኩላቸው። በጠየቁኝ ቁጥር ባሕሩን እያሳመርኩ፣ እያሞቅኩ፣ ብርሃን እየጨመርኩ ነገርኳቸው። እሳቸውም በነገርኳቸው ልክ ካቡ።

ወደ ሳጥኑ ውስጥ ሲያዛውሩት በሁለት በኩል ጉብታ አቆሙና በመሐል ዋሻ ተዉ። እኔ የነገርኳቸው ዋሻ ክብ፣ አፉ ወደ ተመልካች የሆነ ነበር። የእሳቸው ግን ረጅምና ዝቅ ያለ፣ ከላይ ክፍት ነው። ወለሉን በስስ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፉት። ድንገት ቀና ብለው «ፀሐይ በየት በኩል ነው የምትወጣው? በዚህ ነው አይደል?» አሉኝ። ያን ጊዜ የሚሠሩትን አወቅኩ። ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ፤ የኛ ሰው የሚቀበረው እንዲህ ነው። አንድ ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ልክ ለዋሻው መክደኛ የሚሆን፣ ሳይከድኑበት ግድግዳ አስደግፈው ተዉት።

ድንጋዩ ካለቀ በኋላ አሸዋውን አፈሰስኩ፣ ውኃውን ሞላሁ። ትንንሽ ዓሣዎች ከባሕር ዳር ከተማ ሊያመጣልኝ ከአንድ ሰው ጋር ተነጋግሬ ነበር። ሰውየው ከመምጣቱ በፊት ባለው ጠዋት ወደ ፊት ክፍሉ ስገባ፣ አባቴ ከገበያ ያመጡትን ጨው ከጆንያ በጣሳ እየቀዱ ውኃው ውስጥ ሲበትኑ አገኘኋቸው።

«አባዬ! ምን እያደረጉ ነው? የሚመጣው ዓሣ የጣና ዓሣ ነው፤ በጨው ያልቃል!»

እጃቸውን አላቆሙም። «ባሕር ጨው ነው ብለሽኛል።»

«ዓሣ አይኖርበትም እያልኩዎት ነው!»

«እንግዲያውስ ዓሣ አይግባበት» አሉ።

ተናደድኩ። ስንት የደከምኩበት፣ ጁስ ቤቴን ሰው ያይልኛል ያልኩበት ነገር ነው። ጣሳውን ልነጥቃቸው እጄን ዘረጋሁ። ጣሳውን በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ያዙት። እኔም እጄን ሰበሰብኩ። ጨው አልቆ ጆንያውን እስኪያራግፉ ድረስ አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። ውኃው ደፈረሰ፤ ቆይቶ ጠራ።

ከኋላችን እናቴ ቆማለች። ክፍሉን ከተቀየመችው በኋላ የገባችው ገና ያን ጊዜ ነው። መስታወቱን፣ ድንጋዩን፣ ክፍት የሆነውን ረጅም ቦታ ተራ በተራ አየች። የጨውን ጆንያ አየች።

አባቴ ግድግዳ የተደገፈውን ጠፍጣፋ ድንጋይ አንሥተው ሰጡኝ።

«የኔ እጅ ውኃ ውስጥ መሥራት አልለመደም» አሉ። «ያንቺ እጅ ለምዷል። ክደኚልኝ።»

እጅጌዬን ሰብስቤ ድንጋዩን ይዤ እጄን እስከ ትከሻዬ ከተትኩ። የእንጅባራ ውኃ ነው፤ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጅዳ ውኃው ለብ ያለ ነበር። ድንጋዩን ቀስ ብዬ አጋደምኩት፤ ሲገጥም ድምፁ በመስታወቱ በኩል ተሰማን።

«ይበርዳል?» አሉኝ አባቴ።

«አይበርድም፣ አባዬ» አልኩ። ጥርሴ እንዳይንገጫገጭ ነክሼ ያዝኩት።

ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን በጋቢያቸው አድርቀው ወደ እናቴ ዞሩ።

«ነጠላሽን አዘቅዝቂ» አሏት።

የፊቱንም በር ራሳቸው ወለል አድርገው ከፈቱት። ዱላ ይዘው ያባረሩት ጎረቤት ሁሉ የእናቴን ድምፅ ሰምቶ ተመልሶ መጣ፤ ክፍሉ ሞልቶ ደጅ ተረፈ። አባቴ መስታወቱ አጠገብ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ የመጣውን ሰው ተቀበሉ። ያን ቀን ከገባው ሰው ሁሉ ዓሣው የታለ ብሎ የጠየቀኝ አንድም አልነበረም።