በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነርስ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት፣ በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ያን ዘመን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ማክሰኞ ደም ግፊቴን ልለካ ፓርክላንድስ የሚባለው ሰፈር ብሄድ ክሊኒኩ ተዘግቶ ማግኘቴ ነው። ነርሷ ሐና በር ላይ ቆማ ሰው ትመልሳለች።

«አባባ፣ አዲስ ሕግ ወጥቷል። ላይሰንሳችን በኦንላይን እንደገና ካልተመዘገበ መሥራት አንችልም። ፖሌ፣ አባባ።»

ይቅርታዋን ተቀብዬ ወጣሁ። እግሬ ግን ወደ ቤት እንቢ አለ፤ ሲስተር ጽጌ ትሠራበት ወደነበረው ጓሮ ወሰደኝ። ፎቅ ቆሞበታል።

ሲስተር ጽጌ እንደኔው ሸሽታ የመጣች ያገሬ ልጅ ነበረች። አንዲት ክፍል ተከራይታ መርፌ ትወጋለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ ታዋልዳለች። እኔ አጠገቧ ካለው ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። ራዲያተር እጄን አቃጠለኝና ሄድኩ፤ እጄ ከዳነ በኋላም መሄዴን አልተውኩም። ጠዋት ጠዋት መርፌ የምትቀቅልበት ብረት ድስት ክዳኑ ቡታጋዙ ላይ ሲንቀጫቀጭ ካልሰማሁ ቀኑ የነጋ አይመስለኝም ነበር።

ዝናቡ ሲገባ ትእዛዝ ወጣ። ውጭ አገር የተማረ ሐኪምም ሆነ ነርስ እስከ ወሩ መጨረሻ ዓርብ ካልተመዘገበ ይዘጋል ተባለ። የጽጌ ዲፕሎማ ባንድ ነጋዴ ኮት ገበር ውስጥ ተሰፍቶ በሞያሌ በኩል በመዝጊያው ዋዜማ፣ ሐሙስ ደረሰ። ዓርብ ጠዋት ልትወጣ ስትል ምጥ የያዛት ሴት መጣችባት።

«እኔ እወስደዋለሁ» አልኳት።

«አንተ? ፎርም መሙላት የት ታውቅና?»

«ስዋሂሊ አቀላጥፋለሁ። ጸሐፊው ይሞላዋል።»

«እሺ፣ አንተ ግትር። የዲፕሎማውን ዓመት ግን በፈረንጅ ንገረው። ስምንት ጨምር። ምን አልኩህ?»

«ስምንት!»

መሃል ከተማ ሰልፉ ከደረጃው ወርዶ መንገድ ላይ ደርሷል። በርበሬና ሎሚ የታሸ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥኩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆምኩ። ተራዬ ደረሰና ጸሐፊው መቼ እንደተመረቀች ጠየቀኝ። ፊደል ብዙ ባልቆጥርም ቁጥር አነባለሁ። ዲፕሎማው ላይ ያለውን አይቼ፣ ኮራ ብዬ፣ «ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ስድስት» አልኩት።

ከዲፕሎማው ጋር የሰጠሁትን የስደተኛ መታወቂያዋን ገለጥ አድርጎ ሳቀ። «በሃምሳ አራት ተወልዳ? በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነው ነርስ የሆነችው?» ሰልፉ በሙሉ አብሮት ሳቀ።

ያን ጊዜ ስምንቷ ትዝ አለችኝ። ተሳሳትኩ ብል ያልቅ ነበር። ሳቁ ግን አንገበገበኝ። «የተሳሳተው የናንተ ቁጥር ነው!» አልኩት። ወረቀቱን ገፍቶ መለሰልኝና መስኮቱን ዘጋ።

ስነግራት የተወለደውን ሕፃን እያጠበች ነበር። «እኔ ያዳንኩት እጅህን ነው፤ ጭንቅላትህን መች ሞከርኩት» አለች። ከዚያ ፊቷን አዞረች። በሳምንቱ ካምፓላ ሄደች፤ ዳግም አላየኋትም።

ሕጉን አልወቅስም። መርፌ የሚወጋን ሰው ማነህ ብሎ መጠየቅ ደግ ነው። ሐናም ወረቀቷን አሳድሳ ትከፍታለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ያቺ ያልወጣችኝ «ተሳሳትኩ» የምትል ቃል ናት። ሰባ ሞልቶኝ ዛሬም ጎህ ሲቀድ ያ ክዳን የተንቀጫቀጨ እየመሰለኝ እነቃለሁ።

የዚያ ዓርብ ማግስት ክዳኑ ዝም ብሏል። በሽተኞቹ ግን እንደልማዳቸው መጥተው ተሰልፈዋል። ሥራዬን ትቼ በሯ ላይ ቆምኩና ለያንዳንዳቸው በስዋሂሊ ነገርኳቸው፦ «ሲስተር የተመረቀች ነርስ ናት። ቤቷን ያዘጋሁባት እኔ ነኝ።»